የፍሪጅ በር ጀርባው የት ነው?

ፕላስቲክ ሁሉ አንድ ነው ይላሉ። አይደለም። ይህን የሚሉት ሰዎች ስለ እንጨት ሲነሣ ዋንዛን ከባሕር ዛፍ፣ ጽድን ከግራር ለይተው ይከራከራሉ፤ ስለ ፕላስቲክ ሲነሣ ግን ከጀሪካን እስከ ጥርስ ብሩሽ በአንድ ስም ጠርተው ያልፋሉ። «ነፍስ የሌለው ነገር» ብለውም ይጨምራሉ፤ ነፍስ ያለውን ሲመረምሩ የዋሉ ይመስል። እኔ ከፕላስቲክ ጋር ስታገል ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ጠባዩ እንደ ሰው የተለያየ ነው። አንዱ ሲያጥፉት እሺ ብሎ ይታጠፋል፤ አንዱ ገና ሲነኩት ተሰብሮ ጣት ይቆርጣል፤ አንዱ ከማንም ጋር አልጣበቅም ብሎ ብቻውን ያረጃል።

የምሠራው ትንንሽ አውሮፕላን ነው። ተቆራርጦ በሳጥን የሚመጣውን፣ ገጣጥመው ቀለም የሚቀቡትን ማለቴ አይደለም፤ እርሱ ወደ ባሕር ዳር መንገዱን ገና አላገኘም። እኔ ከባዶ ነው የምጀምረው። ፎቶግራፉንና ልኩን እፈልጋለሁ፣ ወረቀት ላይ እነድፋለሁ፣ ከዚያ ከዝርግ ፕላስቲክ ቆርጬ፣ አጥፌና አጣብቄ ክንፍና ሆድ አወጣለታለሁ። አይበርም። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ይበራል?» ብሎ ነው፤ አይበርም ስል ፊቱ ላይ የሚመጣውን ሐዘኔታ ለምጄዋለሁ። የጣና ገዳማት ግድግዳ ላይ የተሣለው ነጭ ፈረስም አይጋልብም፤ እርሱን ግን «ይሮጣል?» ብሎ የጠየቀ ጎብኚ አላጋጠመኝም።

ዘንድሮ የያዝሁት አንበጣ በመጣብን ጊዜ ከሰማያችን ላይ ሲመላለስ ያየሁትን ዓይነት ቢጫ የመድኃኒት መርጫ አውሮፕላን ነው። ውብ አይባልም። አፍንጫው ረዥም፣ ክንፉ ዝቅ ያለ፣ አብራሪው የሚቀመጥበት ክፍል ደግሞ እንደ በሬ ሻኛ ጉብ ያለ ነው። በዚያ ሻኛ ላይ ዙሪያውን የሚያሳይ መስኮት አለው። ሁለት ነገር በደንብ ካልወጣለት አውሮፕላንነቱ ይቀራል፤ ክንፉና ያ መስኮት። ሁለቱም እምቢ ብለውኝ ነበር።

ታሪኩ ግን የእኔ አውሮፕላን ብቻ አይደለም። ከአጥሬ ወዲያ አንዲት የኮሌጅ መምህርት ትኖራለች። ካቻምና አባቷን ከዘጌ አምጥታቸዋለች፤ አብረዋት ይኖራሉ፤ ጉልበታቸው ጀልባ መውጣትና መውረድ አልችልም ስላለ ነው። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ብራና ሲፍቁ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የፍየል ቆዳ ወጥረው፣ ፍቀው፣ አለስልሰው ለጸሐፊ የሚያስረክቡ። ድጓም ዳዊትም ያስተማሩ ስለሆኑ ሰፈሩ «የኔታ» ይላቸዋል። ሲመጡ ከጋቢያቸውና ከመጻሕፍታቸው ሌላ የያዙት ሦስት ነገር ነበር፤ መፋቂያቸው፣ ማለስለሻ ድንጋያቸውና መወጠሪያቸው። መወጠሪያው አራት ወፋፍራም እንጨቶች የተጋጠሙበት፣ ከበር መቃን የማያንስ ክፈፍ ነው። እንጨቱን ገመድ ለዓመታት ስለበላው ዙሪያውን ልሙጥ ልሙጥ ጎድጓዳ መስመር አውጥቷል። በጀልባ ሲያመጡት መንገደኞቹ አልጋ መስሏቸው «ፍራሹስ?» ብለው ጠይቀዋቸው ነበር አሉ።

ያ መወጠሪያ ሁለት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ልጃቸው ልብስ አሰጣችበት። ሥራ ጠፍቶ አይደለም፤ ጸሐፊዎች አሁንም ይልኩባቸዋል። የጠፋው ቆዳ ነው። ከተማ ውስጥ በየበዓሉ ስንት ፍየል እንደሚታረድ ሁላችንም እናውቃለን፤ የሚመጣላቸው ቆዳ ግን ወይ ጨው በልቶታል፣ ወይ ቢላ ወግቶታል። እሳቸው ቆዳውን ወደ ፀሐይ ያነሡና አንዴ ዓይተው ይመልሱታል። «ወንፊት ነው» ይላሉ። «ዱቄት ንፉበት።»

በዘንድሮው ዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ መወጠሪያው ለፋሲካ እንደሚፈለጥ አስታወቁ። «ደረቅ ነው፤ ለዶሮው ጥሩ ይነዳል» አሉ፣ ስለ አየሩ የሚናገሩ ያህል። ልጃቸው በማግሥቱ አጥሩ ጋ ጠራችኝ። «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ አባቴን ያናግሩልኝ። ከፈለጡት በኋላ ጠዋት ተነሥተው ምን ሊያደርጉ ነው?» አለች። መጀመሪያ የታወሱኝ እሳቸውን ለማየት የሚመጡት ብራና አድናቂዎች ናቸው። እነርሱን አልወድም ነበር። ከሩቅ መጥተው ትንፋሻቸውን ይዘው ይዳስሳሉ፣ ስለ ጥበብ ይናገራሉ፣ ፎቶ ያነሣሉ፣ ይሄዳሉ። ፍየል ይዞ የመጣ ግን የለም። ይህን ሳስብ ግን እኔም ሁለት ዓመት አጥር ለአጥር ስኖር አንድ ቆዳ አምጥቼላቸው እንደማላውቅ ትዝ አለኝ።

ወደ ፕላስቲኩ ልመለስ።

ለአውሮፕላን ክንፍ የሚሆን ዝርግ ፕላስቲክ ስስ ሆኖ የማይልፈሰፈስ፣ ሲጭሩት መስመር የሚይዝ፣ በጫሩት ላይ ሲያጥፉት ቀጥ ብሎ የሚሰበር፣ ቲነር ሲነካው ደግሞ ፊቱን አለስልሶ ከጓደኛው ጋር የሚዋሐድ መሆን አለበት። ማስታወቂያ ሠሪዎች ፊደል የሚቆርጡበትን ነጭ ሰሌዳ ሞከርሁት፤ ጠርዙ እንደ ዳቦ ውስጥ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፣ ለፊደል እንጂ ለክንፍ አይሆንም። የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚሸጠውን የጥራዝ ሽፋን ሞከርሁት፤ መልኩ ያምራል፣ ቲነር ግን በላዩ ላይ እንደ ውኃ ተንከባልሎ ወረደ። የሲዲ ማኅደር ሞከርሁ፤ እንደ መስታወት ጥርት ያለ፣ እንደ መስታወትም የሚሰበር። የእርጎ ኩባያ ግን ልቤን ነካው። ሲያጥፉት እጥፋቱ ላይ ነጭ ይሆናል፣ ጠረጴዛ ላይ ሲጥሉት እንደ ቆርቆሮ ቅጭል ይላል፣ ቲነር ሲነካው ወዲያው እጁን ይሰጣል። መጻሕፍቱ ፖሊስታይሪን የሚሉት ይኼ ነው። ችግሩ ኩባያ ከኩባያ አይበልጥም፤ ከእርሱ የሚወጣው ክንፍ ለንብ ነው።

አንዱን ዓይነት ከሌላው የምለየው በጣና ነው። ባልዲም ይበቃ ነበር፤ ሐይቅ አጠገብ እየኖሩ በባልዲ መሞከር ግን ንፉግነት ነው። ቁርጥራጮቹን አንድ በአንድ በክር አስሬ ዳር ላይ ከበቀለው ደንገል አጠገብ ውኃው ላይ እጥላለሁ። ተንሳፍፎ የሚቀረው አይሆንም፤ እርሱ ሙጫ የማይቀበለው ዘር ነው። ድንጋይ ሆኖ የሚወርደውም አይሆንም። የምፈልገው የሚያመነታውን ነው፤ ጥቂት ቆይቶ፣ ሐሳቡን ቀይሮ፣ ቀስ ብሎ የሚሰምጠውን።

«ጋሼ፣ ዛሬስ ምን ያዙ?» ይሉኛል የሞተር ጀልባ ነጂዎቹ።

«የእርጎ ኩባያ።»

«አምባዛ ዓሣ በእርጎ አይያዝም፤ በሥጋ ነው።»

«ተዋቸው፤ ኩባያው ባዶ ነው፤ ጋሼ የሚጾም አምባዛ ነው የሚፈልጉት» ይላል ሌላው፣ ሳቃቸውም ከሞተሩ ድምፅ በላይ ይሰማል። ክሩን እየሰበሰብሁ መንገዴን እቀጥላለሁ። ቀስ ብሎ የሚሰምጥ ፕላስቲክ አገኘሁ ብሎ የሚደሰት ሰው ለመከራከር አይመችም።

ትልቁን ግኝት ያገኘሁት ከገበያው በስተጀርባ ካለ ፍሪጅ ጠጋኝ ግቢ ነው። የሞቱ ፍሪጆች በሮቻቸውን ከፍተው ተደርድረዋል። የአንዱን በር የውስጥ ሽፋን፣ እንቁላልና ጠርሙስ የሚደረደርበትን ነጩን ክፍል፣ በጥፍሬ መታሁት። ቅጭል አለ። ጫፉን ሰብሬ ሳጥፈው እጥፋቱ ከሌላው ይልቅ ነጣ። ከኪሴ ቲነር አውጥቼ ጠብ ሳደርግበት ለሰለሰ። የእርጎ ኩባያው ታላቅ ወንድም ነበር፤ ያውም በክንድ የሚለካ።

ጠጋኙ ሥራውን ትቶ ያየኝ ነበር። «ፍሪጁ ቢጠገን ምን ይልሃል?» አለኝ።

«አልፈልግም፤ በሩን ብቻ።»

«በሩ አያቀዘቅዝም እኮ።»

«አውቃለሁ። አውሮፕላን ልሠራበት ነው።»

ትንሽ አሰበና «ይበራል?» አለ።

በሩን በባጃጅ ይዤ ተመለስሁ። ከሽፋኑ ጀርባ የተጣበቀውን፣ ቅዝቃዜ የሚይዘውን ቢጫ አረፋ በቢላ ላጥሁ፤ ከዝርጉ ክፍል ሁለት ክንፍ ቆረጥሁ፤ የላይና የታች ገጻቸውን አጣበቅሁ፤ ከመጽሐፍ ሥር አድርጌ አሳደርኋቸው። ሲነጋ ቀጥ ብለው ተነሡ። በሦስተኛው ቀን ግን ግራው ክንፍ ጫፉን ወደ ላይ አዞረ፣ ቀኙ ወደ ታች። አውሮፕላኑ ትከሻውን እየነቀነቀ «እኔ ምን አውቄ» የሚል መሰለ። ሌላ ጥንድ ቆረጥሁ፤ ያው ሆነ። ሦስተኛ ጥንድ። ያው። ፀሐዩን ወቀስሁ፤ ወደ ጥላ ወሰድሁት። ቲነሩን ወቀስሁ፤ ከሌላ ቀለም ቤት ገዛሁ። በሦስት ቋንቋ ያገኘሁትን ስለዚህ ሥራ የተጻፈ ነገር ሁሉ አነበብሁ። አንባቢ ሰው ያለበት አደጋ ይህ ነው፤ በእጁ ያለውን ነገር ሳይዳስስ ስለ እርሱ የተጻፈውን ይጨርሳል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሦስተኛውን ጥንድ ይዤ ግቢ ውስጥ ስራገም ከአጥሩ ወዲያ ድምፅ መጣ።

«ማንን ነው የምትረግመው?»

«ክንፍ ነው የኔታ።»

«የምን ክንፍ?»

«የአውሮፕላን።»

«እስቲ አምጣው።»

በአጥሩ ቀዳዳ አቀበልኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አውራ ጣታቸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬዱበት። ከዚያ ሌላውን። ከዚያ መጀመሪያውን ደገሙት።

«ጀርባው የት ነው?» አሉኝ።

«የምኑ?»

«የቆዳው ነዋ።»

«ቆዳ አይደለም የኔታ። ፕላስቲክ ነው።»

«ስሙን አልጠየቅሁህም።»

«ፕላስቲክ ጀርባ የለውም። ፋብሪካ ነው የሚያወጣው፤ ሁሉም ቦታው አንድ ነው።»

«ማን ነው አንድ ነው ያለህ?»

ያለኝን ሰው ለማስታወስ ሞከርሁ። ሰው ሁሉ ነው ያለኝ። ፕላስቲክ ሁሉ አንድ ነው የሚለውን ስስቅበት የኖርሁት እኔ፣ አንዱ ፕላስቲክ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነው የሚለውን ግን ሳልጠይቅ ተቀብዬው ኖሯል።

«የተረፈውን ይዘህ በበሩ በኩል ና» አሉኝ።

ከበሩ ሽፋን የተረፈውን ይዤ ገባሁ። መደቡ ላይ ተቀምጠው በጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። መጀመሪያ ገለበጡትና «ሥጋ ትተህበታል» አሉ። ሥጋ ያሉት በቢላ ያልለቀቀልኝን ቢጫ አረፋ ነው። ልጃቸውን ጠርተው መፋቂያቸውን አስመጡ፤ ከመጡ ጀምሮ ከተጠቀለለበት ጨርቅ ሲወጣ የዚያን ቀን ማየቴ ነው። ጠማማ ስለታም ብረት ነው፣ እጀታው በእጃቸው ልክ የጎደጎደ። እኔ ግማሽ ቀን ስልጥ የዋልሁትን በጥቂት ምት አንሥተው ጨረሱት፤ አንድም ጭረት ነጩ ገጽ ላይ አልቀረም። አረፋው እንደ ጥጥ እግራቸው ሥር ተከመረ።

ከዚያ መዳሰስ ጀመሩ። በሁለት ጣት መሐል እየያዙ ከመሐል ወደ ዳር ይሄዳሉ፣ በጥፍር መታ አድርገው ጆሯቸውን ያዘነብላሉ፣ ወደ ቁመቱ ያጥፉታል፣ ወደ ወርዱ ያጥፉታል። እኔ ድምፁ አንድ ነው እል ነበር፤ አሁን ሳዳምጥ መሐሉ ላይ ቀጭን፣ ጥጉ ላይ የፈዘዘ ነው። ፍም ያልሆነ ከሰል አንሥተው ምልክት አደረጉበት።

«ይኸውልህ። እዚህ ጀርባው ነው፤ ወፍራም ነው። ወዲህ ሲመጣ ሆዱ። እዚህ ጥጉ ላይ ብብቱ ነው፤ ሳስቷል፣ ተስቦ የተሠራ ነው። አንተ አንዱን ክንፍ ከጀርባ፣ አንዱን ከብብት ቆርጠህ ወንድማማች ናችሁ ብለህ አጣበቅሃቸው። እንዴት ይስማሙ?»

ትክክል ነበሩ። እንዲህ ያለው ሽፋን የሚሠራው ዝርግ ፕላስቲክ በሙቀት ለስልሶ በቅርጽ ላይ ሲሳብ ነው፤ መሐሉ እንዳለ ይቀራል፣ ጥጉ ግን ተለጥጦ ይሳሳል። ይህን አንብቤው ነበር። ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ፍሪጅ ከፍተው ውኃ ከመጠጣት በቀር ሌላ ነገር ያላደረጉ ሰው ግን በአውራ ጣታቸው ደረሱበት።

«ደግሞ የላዩንና የታቹን ገጽ እንዴት ነው የገጠምኸው?» አሉ።

«እንደመጣልኝ።»

«እንደመጣልህ!» ልጃቸውን ዞረው አዩ፤ ምስክር የፈለጉ ይመስላሉ። «ብራና ሲጠረዝ ፀጉር የነበረበት ገጽ ከፀጉር ገጽ ጋር፣ ሥጋ የነበረበት ከሥጋ ጋር ነው የሚተያየው። አንዱ ወዲህ ሲስብ ሌላው ወዲያ ይስባል፤ ተያይዘው ቀጥ ይላሉ። አለበለዚያ መጽሐፉ አፉን ከፍቶ ያድራል።»

በማግሥቱ አራቱንም የክንፍ ገጾች ከጀርባው ቆረጥሁ፤ ጎን ለጎን፣ ወደ አንድ አቅጣጫ። አንጸባራቂውን ገጽ ወደ ውጭ፣ የተፋቀውን ከተፋቀው ጋር አድርጌ አጣበቅሁ። ሦስት ቀን ጠበቅሁ። አምስት ቀን። ክንፉ ቀጥ እንዳለ ነው። መስመሪያ አስጠግቼ ብርሃን የሚያሾልክ ክፍተት ፈለግሁ፤ አጣሁ።

መስኮቱ ቀረ። ለእርሱ የመረጥሁት የልደት ኬክ የሚሸጥበትን ሳጥን ጥርት ያለ ክዳን ነው። አሠራሩ ቀላል ይመስላል፤ የሻኛውን ቅርጽ ከዋንዛ ትቀርጻለህ፣ ክዳኑን በክፈፍ ላይ ትወጥራለህ፣ በከሰል ታለሰልሰዋለህ፣ ቅርጹን ትጫንበታለህ። የቆየ የፎቶ ክፈፍ ላይ በምስማር ወጥሬ ስንት ጊዜ እንደሞከርሁ አልናገርም። ወይ ጥጉ ላይ ይጨማደዳል፣ ወይ ከምስማሩ ሥር ይቀደዳል። ምስማር ይዞ አይለቅም፤ ፕላስቲኩ ሲለሰልስ ግን አንዱን ጎኑን ማጥበቅ፣ ሌላውን ማላላት የሚችል ነገር ይፈልጋል። ይህን ለራሴ ስናገር ዓይኔ በአጥሩ ላይ አለፈና ልብስ የተሰጣበት መወጠሪያ ላይ ዐረፈ።

ሆሳዕና ሊደርስ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። መጥረቢያው ተስሎ ከመወጠሪያው አጠገብ ቆሟል።

«የኔታ፣ መወጠሪያውን ለአንድ ቀን ያውሱኝ» አልሁ።

«ለማገዶ ነው ብያለሁ።»

«ከማገዶው በፊት።»

«ምን ልትወጥርበት?»

ክዳኑን አሳየኋቸው። ወደ ፀሐይ አነሡት፤ ልማድ ነው። በክዳኑ ውስጥ አጥሩን አዩ፣ የማንጎውን ዛፍ አዩ፣ እኔን አዩኝ።

«ይህ ፍየል ምን በልቶ ነው?» አሉ።

ልጃቸው በሩ ላይ ቆማ ሳቀች። ከመጡ ጀምሮ አባቷ ሲቀልዱ ስትሰማ የመጀመሪያዋ እንደሆነ በኋላ ነግራኛለች።

መወጠሪያውን አላዋሱኝም። «አንተ ታበላሸዋለህ» ብለው ራሳቸው ያዙት። ልብሱ ተነሣ፤ መወጠሪያው በሁለት ወንበር ላይ ተጋደመ። ክዳኑ እንዳይቀደድ ጠርዙን በስንጥር ላይ እያጠፉ ገመዱን ከስንጥሩ ጋር አሠሩት፤ የሳሳ ሆድ ያለው ቆዳ ሲያጋጥማቸው እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ገመዶቹ ከትንሿ ክዳን ተነሥተው እስከ ትልቁ ክፈፍ ድረስ እንደ ሸረሪት ድር ተዘረጉ፤ በየገመዱ ላይ ማክረሪያ ቁራጭ እንጨት ገባ። ልጃቸው ከሰሉን አናፈሰች። እኔ ቅርጹን ይዤ ቆምሁ፤ በዚያ ግቢ ውስጥ ሥራ የማያውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ።

የመጀመሪያው ክዳን ተቃጠለ። «ምድጃው ቀርቧል» አሉ። ጾም ስለሆነ ኬክ ቤቱ ክዳኑን ያለ ኬክ ሰጥቶኝ ነበርና ሁለተኛ ነበረኝ። ምድጃው ዝቅ አለ። ክዳኑ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ መሐሉ እንደ ውኃ ረገበ። የኔታ ገመዶቹን ሳያዩ ያከራሉ፤ ዓይናቸው ክዳኑ ላይ፣ ጣታቸው እንጨቶቹ ላይ፤ እዚህ ግማሽ ዙር፣ እዚያ ሩብ፣ አንዱን ላላ ያደርጋሉ። «ቆይ» አሉ። «ቆይ። ቆይ። አሁን!» ልጃቸው ምድጃውን ሳበች፣ እኔ ቅርጹን ወደ ታች ተጫንሁ። ክዳኑ ያለ አንዲት ጭምድድ ዋንዛውን ለበሰው። ሲቀዘቅዝ ቅርጹን አወጣሁና መስኮቱን በእጃቸው ላይ አስቀመጥሁት፤ ጣታቸው ላይ እንደሌለ ነገር ሆኖ ተቀመጠ። በርሱ ውስጥ የእጃቸው መስመር ይነበብ ነበር።

ብዙ የተማረና ብዙ የሚናገር ሰው አውቃለሁ። እጁ የሚያውቀውን ያህል አፉ የማይናገር ሰው ግን ያየሁት በዚያ ግቢ ነው። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኋቸው።

አውሮፕላኑ አልቋል። ቢጫ ነው፣ አይበርም፣ ክንፉ ቀጥ ያለ ነው። ፋሲካም መጣ። ዶሮው በገበያ ከሰል በሰለ፤ መጥረቢያው ወደ ጓዳ ተመለሰ። መወጠሪያው ሳይፈለጥ ቆመ፤ ልብስም አልተሰጣበትም።

በፋሲካ ማለዳ እኔ ሥራ ፈጠርሁ። በሰፈሩ ዞርሁ። ቆዳ በየቦዩ ዳር ተጥሏል፤ ገዢ ከጠፋ ወዲህ ውሻ ነው የሚወስደው። የተሻሉ የመሰሉኝን ሦስት የፍየል ቆዳዎች ይዤ የኔታ ዘንድ ደረስሁ። አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ አነሡዋቸው። እኔም አብሬ አየሁ፤ የቢላው ቀዳዳ በየቦታው እንደ ኮከብ ያበራ ነበር።

«ወንፊት» አሉ። «ወንፊት። ይሄ ደግሞ ጨው የተነሰነሰበት ወንፊት።»

«እና ምን ይሻላል?»

እርጥብ እጃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «ስማ። እኔ የኬክ ክዳን ወጣሪ አይደለሁም። ደስ ብሎኝ ሠርቻለሁ፤ አንድ ቀን ነው፣ አለፈ። መወጠሪያ ቆዳ ይፈልጋል። ለእንቁጣጣሽ አንድ ደኅና ቆዳ ካመጣህልኝ ይቆማል። ካላመጣህ ለመስቀል ደመራ እሰጠዋለሁ። ቢያንስ ተመርቆ ይቃጠል።»

የሚቀልዱ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አይቀልዱም። ልጃቸው ከጓዳ በር ላይ እኔን ታየኝ ነበር፤ እሳቸውን አይደለም።

አሁን ክረምት ነው። ዝናቡ ጣናን አደፍርሶታል፤ በክር የማሰምጠው ነገር የለኝም። መወጠሪያው ከጣሪያው ጠርዝ ሥር እንዳይርስ ተጠግቶ ቆሟል፤ እኔ በመስኮቴ በኩል አየዋለሁ። ስለ ጥበባቸው ብዙ ማድነቅ እችል ነበር፤ አድናቆት ግን እስከ ዛሬ አንድ ቆዳ አላመጣላቸውም።

ስለዚህ ባሕር ዳር ያላችሁ አንባቢዎች፣ ለእንቁጣጣሽ ፍየል የምታርዱ ከሆነ ቆዳውን አትጣሉት። በቢላ አትግፈፉት፤ አንገቱንና እግሩን ከከፈታችሁ በኋላ በጡጫ እየገፋችሁ አውጡት። ጨው አትነስንሱበት። ሳይውል ሳያድር፣ በዚያው ቀን፣ እርጥቡን ይዛችሁልኝ ኑ። የሞተ ፍሪጅ ያለው ሰው በሩንም ይዞልኝ ይምጣ።